የህንፃ ኢነርጂ ሬቲንግ ላይ በብዛት የሚሰሩ ስህተቶች፣ ለሚያስወጣውም ለሚያነበውም

«ይሄ ህንፃ ኢነርጂው ቢ ነው» ሲባል አብዛኛው ሰው እሺ ብሎ ያልፋል፣ ቢ ጥሩ ነገር ነው፣ ከሲ ይሻላል ከኤ ያንሳል፣ በቃ። ግን ቢ የተባለው ምኑ ነው? ግድግዳውና ጣሪያው ነው? ባለፈው አመት የፈጀው መብራትና ጋዝ ነው? የሚያስወጣው ካርቦን ነው ወይስ ለማሞቂያ የሚከፈለው ገንዘብ? መልሱ ከአገር አገር ይለያያል፣ አንዳንዴ እዛው አገር ውስጥ እንኳን ከሰርተፊኬት ሰርተፊኬት ይለያያል። እኔ ሬቲንግ የሚባለውን ነገር፣ ማለትም ለህንፃ በኢነርጂ አጠቃቀሙ በፊደል፣ በኮከብ ወይ በነጥብ የሚሰጠውን ደረጃ፣ በጣም ነው የምደግፈው፣ ምክንያቱም ቤት የሚገዛ ወይ ቢሮ የሚከራይ ሰው በአይኑ አይቶ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ከመፈረሙ በፊት የሚነግረው ሌላ ወረቀት የለም ማለት ይቻላል። የሚያናድደኝ ያ ወረቀት በቀላሉ ሊታረሙ በሚችሉ ስህተቶች ዋጋ ሲያጣ ነው። ባለቤትም ሁኑ፣ ህንፃ አስተዳዳሪም ሁኑ፣ ተከራይም ሁኑ፣ ወይ ስራው ራሱ የናንተ ይሁን፣ በተደጋጋሚ የሚታዩትን ስህተቶች አንድ በአንድ እንሂድባቸው።

የተሰላውን ከተለካው ጋር መቀላቀል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፣ ሌሎቹ ብዙዎቹ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። ሬቲንግ ሁለት አይነት ነው። አንደኛው በስሌት የሚወጣ ነው፣ ባለሙያው መጥቶ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውን፣ ማሞቂያውን አይቶ ሶፍትዌር ውስጥ ያስገባል፣ ሶፍትዌሩ ደግሞ «እዚህ ቤት ውስጥ ሰው በመደበኛ አኗኗር ቢኖር በአመት ይሄን ያህል ይፈጃል» ብሎ ያወጣል። ማን እንደሚኖርበት፣ ስንት ሰአት እቤት እንደሚውል፣ ብርድ ይወድ አይወድ አያገባውም። ለምሳሌ የእንግሊዙ ስሌት ሳሎኑ 21 ዲግሪ እንደሚሞቅ አድርጎ ነው የሚጀምረው፣ እናንተ በ18 ዲግሪ የምትኖሩ ብትሆኑም ለሱ ለውጥ የለውም። ሁለተኛው በልኬት የሚወጣ ነው፣ የ12 ወር ቢል ወይ የቆጣሪ ንባብ ተሰብስቦ ህንፃው በትክክል የፈጀው ይታያል። የአውሮፓ የመኖሪያ ቤት ሰርተፊኬቶች በብዛት የመጀመሪያው አይነት ናቸው፣ ናበርስ የሚባለው የአውስትራሊያ ሲስተም ለቢሮ የሚሰጠው ኮከብና ኢነርጂ ስታር የሚባለው የአሜሪካ ፕሮግራም ከ1 እስከ 100 የሚሰጠው ነጥብ ደግሞ ሁለተኛው አይነት ናቸው። ጀርመን ውስጥ ጭራሽ ሁለቱም በአንድ ስም ነው የሚሰጡት፣ አንዱ በስሌት፣ አንዱ የሶስት አመት ፍጆታ ታይቶ፣ እና ሁለቱም ከኤ ፕላስ እስከ ኤች የሚሄደው እዛው ስኬል ላይ ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አፓርታማዎች ሁለቱም «ዲ» ተብለው አንዱ ስለ ግድግዳው፣ ሌላው ስለ ነዋሪው ልማድ እያወራ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። 2012 ላይ የጀርመን ቤቶችን ዳታ ሰብስቦ የወጣ ጥናት ሰው ለማሞቂያ የሚጠቀመው ሰርተፊኬቱ ከሚለው በአማካይ 30 ፐርሰንት ገደማ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል፣ ቤቱ በባሰ ቁጥር ደግሞ ክፍተቱ ይሰፋል። ብታስቡት ግልፅ ነው፣ ቤቱ ሙቀት የማይዝ ከሆነና ማሞቅ ውድ ከሆነ ሰው አንድ ክፍል ብቻ ያሞቃል፣ ሹራብ ይደርባል፣ ሌሊት ያጠፋል። በጣም ጥሩ የሚባሉት ቤቶች ላይ ደግሞ ግልባጩ ይታያል፣ ሰው ወጪው ቀላል ነው ብሎ ቤቱን በሙሉ ያሞቃል፣ ከስሌቱ በላይ ይሄዳል።

ይሄ ለምን ያሳስባል ካላችሁ ብድር የሚወሰደው በዚህ ቁጥር ስለሆነ ነው። «ከጂ ወደ ሲ ብታወጡት በአመት ይሄን ያህል ታተርፋላችሁ» የሚለው ሂሳብ ብዙ ጊዜ ከተሰላው ፍጆታ ላይ ነው የሚቀነሰው። ቀድሞውኑ ያላወጣችሁትን ገንዘብ ደግሞ ልታተርፉት አትችሉም። እድሳቱ ቤቱን ሞቃት ያደርገዋል፣ ጤናም ይሰጣል፣ እሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን የመመለሻ ጊዜውን ስታሰሉ የራሳችሁን ያለፉ አመታት ቢል አውጡና ከሱ ጀምሩ እንጂ ሰርተፊኬቱ ላይ ካለው አትጀምሩ።

ቢሮ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። የአውሮፓ አይነቱ ስሌት የሚቆጥረው ማሞቂያ፣ ማቀዝቀዣ፣ ሙቅ ውሃ፣ የአየር ማስወጫና ማስገቢያ፣ መብራት ነው። ኮምፒውተሩ፣ ሰርቨር ሩሙ፣ ኪችኑ፣ ሶኬት ላይ የሚሰካው ሁሉ ብዙውን ጊዜ ውጪ ነው። ስለዚህ በወረቀት «ኤ» የተባለ አዲስ የመስታወት ህንፃ ከጎኑ ካለው አሮጌ ህንፃ በላይ ቢፈጅ ማጭበርበር አለ ማለት ላይሆን ይችላል፣ ወረቀቱ መጀመሪያም ስለዛ አላወራም። አውስትራሊያዎች እዚህ ላይ ጥሩ ነገር አላቸው፣ ገንቢው ገና ሲጀምር «ይሄ ህንፃ ይሄን ያህል ኮከብ ያመጣል» ብሎ ይፈርማል፣ ከዛ ህንፃው ተይዞ አመት ሲሰራ ተለክቶ ይረጋገጣል። ቃል የተገባው በስራ ላይ ስለሚፈተሽ ዲዛይነሩም ኮንትራክተሩም እስከ መጨረሻው ተጠያቂ ሆነው ይቀጥላሉ።

እና የቱ ይሻላል ብሎ መከራከርም ራሱ ስህተት ነው። ቤት ለምትከራዩ የተሰላው ይጠቅማችኋል፣ ምክንያቱም ከናንተ በፊት የነበረው ሰው አመቱን ሙሉ ውጪ አገር ከርሞ ከነበረ የሱ ትንሽ ቢል ስለ ቤቱ ምንም አይነግራችሁም። ህንፃ ለምታስተዳድሩ ደግሞ የተለካው ነው የሚጠቅመው፣ ቅዳሜና እሁድ ማንም በሌለበት ኤሲው ሲሰራ እንደሚውል ስሌት አያሳያችሁም።

ካሬ ሜትሩን በግምት መሙላት

ሬቲንግ ማለት በብዛት ፍጆታ ሲካፈል ለስፋት ነው፣ ኪሎዋት ሰአት በካሬ ሜትር በአመት። ሰው ግን ላይኛውን ቁጥር ሲፈትሽ ይውልና ታችኛውን ከድሮ ብሮሹር ላይ ይገለብጣል። አንድ ቢሮ በአመት 600,000 ኪሎዋት ሰአት ፈጀ እንበል። የውጪ ግድግዳውን ጨምሮ ጠቅላላ ስፋቱ 4,000 ካሬ ሜትር ከሆነ 150 ይመጣል። የሚከራየውን ስፋት ብቻ ብትወስዱ፣ ደረጃው፣ የሊፍቱ ጉድጓድና ኮሪደሩ ወጥቶ 3,200 ቢሆን 187.5 ይመጣል። ምድር ቤት ያለውን 1,500 ካሬ ሜትር ፓርኪንግ በጠቅላላው ላይ ደርባችሁ ብታካፍሉ ደግሞ ወደ 109 ይወርዳል። አንድ አምፑል ሳይቀየር፣ አንድ መስኮት ሳይዘጋ፣ ህንፃው ከ187 ወደ 109 «ተሻሻለ»። ፓርኪንግ ማለት መብራትና ማራገቢያ ብቻ ያለው ቦታ ስለሆነ ከቢሮ ጋር ሲደባለቅ ቁጥሩን ሁልጊዜ ያሳምረዋል፣ ለዛም ነው ደህና የሚባሉት ሲስተሞች ለይታችሁ አስገቡ የሚሏችሁ።

መፍትሄው የምትጠቀሙት ሲስተም የትኛውን ስፋት እንደሚፈልግ ደንቡን ማንበብና ፕላኑን አውጥቶ መለካት ነው። ደንቡ ጠቅላላ ካለ ጠቅላላ፣ የሚሞቅ ወይ የሚቀዘቅዝ ብቻ ካለ እሱን ብቻ። ስኩዌር ፊትና ካሬ ሜትር መደባለቅም አለ፣ 1 ካሬ ሜትር 10.76 ስኩዌር ፊት ነው፣ እሱን የተሳሳተ ሰው ውጤቱ አስር እጥፍ ስለሚርቅ ቶሎ ይታወቅበታል፣ የሚያስፈራው የ20 ፐርሰንቷ ስህተት ናት፣ እሷ ትክክል መስላ ታልፋለች።

በነገራችን ላይ በካሬ ሜትር ማካፈል ራሱ ለትንሽ ቤት አይመችም። አንዲት ስቱዲዮ ውስጥ የሚኖር ሰው ሻወር የሚወስደው ትልቅ አፓርታማ ውስጥ እንደሚኖረው ሰው ነው፣ ሙቅ ውሃው ግን ለትንሽ ስፋት ስለሚካፈል ደረጃዋ ይወድቃል። ፈረንሳይ ይሄን አይታ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከ40 ካሬ ሜትር በታች ላሉ ቤቶች የደረጃውን ወሰን አስተካክላለች። ትንሽ ቤት መጥፎ ደረጃ ሲያመጣ ወዲያው ግድግዳውን ከመውቀስ በፊት ይሄንንም አስቡ።

ዳታው ሙሉ ነው ብሎ ማመን

የተለካ ሬቲንግ ላይ ስራው ያለው እዚህ ነው፣ በጣምም ያሰለቻል፣ ለዛ ነው የሚዘለለው። መጀመሪያ ህንፃው ስንት ቆጣሪ አለው? ብዙ አስተዳዳሪ ዋናውን የመብራት ቆጣሪ ያውቃል፣ ምድር ቤት ላለው ሱቅ ለብቻ የገባውን ወይ ጣሪያ ላይ ያለውን የቴሌኮም አንቴና ቆጣሪ ግን አያውቀውም። በግቢው መዞር፣ ቆጣሪዎቹን አንድ በአንድ ፎቶ ማንሳት፣ ቁጥራቸውን ከቢሉ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፣ አቋራጭ የለውም። ጀነሬተር ካለ ነዳጁም ኢነርጂ ነው፣ ይቆጠራል።

ከዛ የጋዝ ነገር አለ። ጋዝ ቆጣሪ ብዙ ቦታ በሜትር ኪዩብ ነው የሚያነበው። አንድ ሜትር ኪዩብ የተፈጥሮ ጋዝ በግምት ከ10 እስከ 11 ኪሎዋት ሰአት ይይዛል። 2,000 ሜትር ኪዩብን «2,000» ብሎ ኪሎዋት ሰአት የሚለው ሳጥን ውስጥ ያስገባ ሰው ከ18,000 በላይ ኪሎዋት ሰአት ከአለም ላይ አጠፋ ማለት ነው። ህንፃው በአንድ ጊዜ በጣም ጥሩ ደረጃ ካመጣ ከመደሰት በፊት እዚህ ጋ ተመለሱ፣ ውጤት ከሚጠበቀው በላይ ሲያምር አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ጎድሏል።

ግምታዊ ንባብም ተጠንቀቁ። ቢሉ ላይ «ግምት» የሚል ምልክት ካለ ድርጅቱ ቆጣሪውን አላየም ማለት ነው፣ ቀጥሎ እውነተኛው ንባብ ሲመጣ የተጠራቀመው በአንድ ወር ላይ ይወርዳል፣ የአመቱ መጀመሪያ ወይ መጨረሻ ላይ ከሆነ ሌላ አመት ፍጆታ ይቀላቀልባችኋል። ቢሉም ከወሩ 1 እስከ 30 ላይሄድ ይችላል፣ ከ17 እስከ 16 ሊሆን ይችላል፣ 12 ቢል ስላላችሁ ብቻ 365 ቀን አላችሁ ማለት አይደለም፣ ቀኑን ቁጠሩት።

ሶላር ያለበት ህንፃ ላይ ደግሞ ሰው ከግሪድ፣ ማለትም ከዋናው የመብራት መስመር፣ የገዛውን ብቻ ያስገባል። ጣሪያው ላይ የተመረተውና እዛው የተበላው ፍጆታ ነው፣ ህንፃው ተጠቅሞበታል። የኢነርጂ ስታር ዳታ ማስገቢያ ሶፍትዌር፣ ፖርትፎሊዮ ማናጀር፣ ለምሳሌ ሁለቱንም ለየብቻ እንድታስገቡ ነው የሚጠይቀው። ሶላሩ ጥቅሙ የትም አይሄድም፣ ግን አባካኝ ኤሲን ከሶላር ጀርባ መደበቅ አይቻልም፣ መቻልም የለበትም።

የተከራዮች ቢልስ? ባለቤቱ «የነሱ ነው፣ አይሰጡኝም» ይላል፣ እውነቱን ነው፣ የግል መረጃ ነው። ግን ብዙ ቦታ የመብራትና የጋዝ ድርጅቶች የተከራዮቹን ደምረው አንድ የህንፃ ቁጥር ይሰጣሉ፣ የማን ስንት እንደሆነ ሳይታይ። እሱን መጠየቅ እንጂ ከጋራ ቦታዎች ቆጣሪ ብቻ ተነስቶ «ሙሉ ህንፃ» ብሎ ማወጅ ውሸት ነው። ናበርስ ይሄን በስም ነው የለየው፣ የባለቤቱ ክፍል ማለትም የጋራ ሲስተሞቹ ለብቻ፣ የተከራዩ ለብቻ፣ ሁለቱ አንድ ላይ ለብቻ። 5 ኮከብ የሚል ማስታወቂያ ስታዩ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ።

ኤሌክትሪክና ጋዝን አንድ አይነት ኪሎዋት ሰአት አድርጎ መደመር

ቆጣሪ ላይ ያለው ኪሎዋት ሰአትና ያንን ለማምጣት ከምንጩ የወጣው ኢነርጂ አንድ አይደለም። ኤሌክትሪክ ከነዳጅ ወይ ከጋዝ ሲመረት ብዙው ሙቀት ማመንጫው ላይ ይባክናል፣ በመስመርም ይጠፋል። የአሜሪካው ኢነርጂ ስታር ከግሪድ የሚመጣን ኤሌክትሪክ በ2.80 ያባዛል፣ የተፈጥሮ ጋዝን በ1.05። አንድ ቤት በአመት 9,000 ኪሎዋት ሰአት ሙቀት ይፈልጋል እንበል። 90 ፐርሰንት ብቃት ያለው የጋዝ ቦይለር 10,000 ይገዛል፣ ምንጩ ላይ 10,500 ይሆናል። ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 9,000 ይገዛል፣ ቆጣሪው ላይ ከጋዙ የተሻለ ይመስላል፣ ምንጩ ላይ ግን 25,200 ነው። ከገዛው ኤሌክትሪክ ሶስት እጥፍ ሙቀት የሚያወጣ ሂት ፓምፕ (ከውጪ ያለውን ሙቀት ስቦ ወደ ቤት የሚያስገባ ማሽን) ደግሞ 3,000 ገዝቶ ምንጩ ላይ 8,400 ይሆናል። ሶስቱም ቤቱን እኩል ነው ያሞቁት! ስለዚህ «ቤቴ 9,000 ብቻ ነው የሚፈጀው» የሚል ሰው የቱን ቁጥር እያወራ እንደሆነ ሳትጠይቁ አታወዳድሩ።

ይሄ ማባዣ ደግሞ የፖሊሲ ውሳኔ ነው፣ ይቀየራል። ፈረንሳይ ለኤሌክትሪክ የምትጠቀመውን ከ2.3 ወደ 1.9 ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ አውርዳለች፣ በዚህ ብቻ በኤሌክትሪክ የሚሞቁ ብዙ ቤቶች ፊደላቸው ይሻላል፣ ግድግዳቸው ግን ያው ግድግዳ ነው፣ ክረምት ላይ የሚከፈለውም ያው። ድሮ «ኤፍ» የነበረ ቤት አሁን «ኢ» ሆኗል ሲሏችሁ ምን ተሰራለት ብላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኝ ካለ ታድሷል፣ ከሌለ ምናልባት ሂሳቡ ነው የተቀየረው።

ፊደልን ከፊደል ማወዳደር፣ በተለይ ከአገር አገር

የእንግሊዝ የመኖሪያ ቤት ፊደል የሚወጣው ከኢነርጂ ወጪ ላይ ነው፣ ማለትም መደበኛ አኗኗር ላይ ለማሞቂያ፣ ለሙቅ ውሃና ለመብራት በስፋቱ ስንት ይከፈላል ከሚለው፣ 92 ነጥብና ከዛ በላይ «ኤ» ነው። የፈረንሳዩ ደግሞ ሁለት ነገር ያያል፣ ኢነርጂውንና የሚወጣውን ካርቦን፣ እና ከሁለቱ የባሰውን ነው የሚሰጣችሁ። የጀርመኑ በኪሎዋት ሰአት ብቻ ይሄዳል፣ ከ250 በላይ «ኤች» ነው። ስለዚህ የለንደን «ሲ» እና የፓሪስ «ሲ» ፊደል ከመጋራት ውጪ የሚያገናኛቸው ነገር ትንሽ ነው። 2024 ላይ የወጣው አዲሱ የአውሮፓ ህብረት መመሪያ ከኤ እስከ ጂ አንድ አይነት ትርጉም እንዲኖረው እየገፋ ነው፣ ኤ ለዜሮ ልቀት ህንፃ፣ ጂ በየአገሩ በጣም ለባሱት፣ ግን እዛም ቢሆን ጂ የሚለካው በየአገሩ ካለው ህንፃ አንፃር ስለሆነ ከድንበር ወዲያ ወዲህ ፊደል ይዞ መከራከር አያዋጣም። ከፊደሉ በታች ያለውን ቁጥር አንብቡ።

ለገምጋሚው ማስረጃ አለማዘጋጀት

ይሄኛው የባለቤቶች ስህተት ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል ምክንያቱም ስራውን ሰርተው ገንዘቡን ከፍለው ከዛ ያጡታል። ገምጋሚው፣ ማለትም ሬቲንጉን የሚያወጣው ባለሙያ፣ ግድግዳ አይቀድም። ከኮርኒሱ በላይ የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ በባትሪ አይቶ ውፍረቱን ይለካል፣ ከሌለ አያይም። ግድግዳ ውስጥ የተሞላ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዝ ቁስ) መኖሩን በእጁ አንኳኩቶ ሊያውቅ አይችልም። ማስረጃ ሲያጣ ሶፍትዌሩ ቤቱ በተሰራበት ዘመን የተለመደውን ዲፎልት፣ ማለትም ቀድሞ የተቀመጠ ግምት፣ ይወስዳል፣ ዲፎልቱ ደግሞ ሆን ተብሎ ጠንቃቃ ነው፣ ለአሮጌ ቤት «ምንም የለውም» የሚል ሊሆን ይችላል። እናንተ 20 ሳንቲሜትር ኢንሱሌሽን አስገብታችሁ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ገምጋሚው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ያላየውን እንዳይጽፍ ተከልክሏል፣ መከልከሉም ትክክል ነው።

ስለዚህ እድሳት ሲሰራ ግድግዳው ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ከቁሱ ጋር ሜትር አስይዛችሁ፣ ፓኬቱ ላይ ያለው ስም እንዲታይ አድርጋችሁ። የኮንትራክተሩን ደረሰኝ የቁሱ አይነትና ውፍረት ተጽፎበት ተቀበሉ፣ «የጣሪያ ስራ» ብቻ የሚል ደረሰኝ አይጠቅምም። የመስታወቱን ሰርተፊኬት፣ የቦይለሩን ወይ የሂት ፓምፑን ሞዴል ቁጥር አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ገምጋሚው ከመምጣቱ አንድ ቀን በፊት ወደ ኮርኒስ የሚያስወጣውን ቦታ ከእቃ አጽዱ። የአንድ ደረጃ ልዩነት እዚህ ጋ ሊወሰን ይችላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ፣ በጣም ርካሹን ገምጋሚ መምረጥ። ቤት ውስጥ አስር ደቂቃ ቆሞ የሚሄድ ሰው ያላየውን ሁሉ በዲፎልት ነው የሚሞላው። የተሻለ ከፍሎ መስኮቱን አንድ በአንድ የሚቆጥርላችሁን ያዙ።

ወሰኗን ለማለፍ ብቻ መስራት

ደረጃ ከህግ ጋር ሲያያዝ ሰው ለቤቱ ሳይሆን ለፊደሉ መስራት ይጀምራል። እንግሊዝና ዌልስ ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ ከ«ኢ» በታች የሆነን ቤት በአዲስ ውል ማከራየት ከለከሉ፣ 2020 ላይ ነባር ውሎችንም ጨመሩ። ፈረንሳይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ «ጂ» ቤት በአዲስ ውል አይከራይም፣ «ኤፍ» 2028 ላይ፣ «ኢ» 2034 ላይ ይከተላል። ህጎቹን እደግፋለሁ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጠው ተከራዩ እንጂ ባለቤቱ አይደለም። ግን አየርላንድ ላይ የተደረገ ጥናት ሰርተፊኬቶች ከወሰኑ ልክ አጠገብ፣ በተሻለው ደረጃ በኩል፣ ከሚጠበቀው በላይ እንደሚከማቹ አሳይቷል፣ አንዲት ነጥብ ወደላይ የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። ባለቤት ሆናችሁ አምፑል በኤል ኢ ዲ ቀይራችሁ፣ አንድ የቴርሞስታት ኮንትሮል ጨምራችሁ በአንድ ነጥብ ወሰኗን ካለፋችሁ፣ ከጥቂት አመት በኋላ ወሰኑ ከፍ ሲል እንደገና ገምጋሚ፣ እንደገና ሰራተኛ፣ እንደገና ተከራይ ማስቸገር ነው። ጣሪያውን አንዴ መስራት ይሻላል።

ትንንሽ የሚመስሉ ግን የሚያሳስቱ

አየር ንብረት። ክረምቱ ለስላሳ በነበረበት አመት የማሞቂያ ቢል ይወርዳል፣ አስተዳዳሪው ደግሞ በሪፖርቱ ላይ «ቁጠባ» ብሎ ይጽፈዋል። በአየር ሁኔታ የተስተካከለውን ቁጥር ተጠቀሙ።

ባዶ ህንፃ። ግማሹ ያልተከራየ ቢሮ በካሬ ሜትር ሲካፈል ቆጣቢ ይመስላል። በተቃራኒው ሌሊትም የሚሰራ፣ ሰው የሞላበት ቢሮ አባካኝ ይመስላል። የኢነርጂ ስታር የቢሮ ነጥብ ለዚህ ነው በሳምንት ስንት ሰአት እንደሚሰራ፣ ስንት ሰራተኛና ስንት ኮምፒውተር እንዳለ የሚጠይቀው፣ እነዛን ሳጥኖች ዲፎልት ላይ ትቶ መሄድ ነጥቡን ያበላሸዋል።

ግሪን ኤሌክትሪክ። «ከታዳሽ ምንጭ ብቻ ነው የምንገዛው» ማለት ጥሩ ውል ነው፣ ህንፃው የሚፈጀውን ኪሎዋት ሰአት ግን አንድም አይቀንስም። ካርቦኑን ለብቻ፣ ኢነርጂውን ለብቻ ጻፉ።

እድሜ። የአውሮፓ ሰርተፊኬት እስከ 10 አመት ያገለግላል፣ የናበርስ ግን ለ12 ወር ብቻ ነው። ዘጠኝ አመት የሞላው ወረቀት በህግ ልክ ቢሆንም ቦይለሩ ተቀይሮ፣ መስኮቱ ረግቦ ሊሆን ይችላል፣ የወጣበትን ቀን ሳታዩ አትመኑ።

ውጤቱን ዘግይቶ ወይ በግማሽ ማሳወቅ

ሬቲንግ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ካለማውጣት አይሻልም። ሰው መረጃው የሚያስፈልገው ቤት በሚመርጥበት ሰአት ነው፣ አስር ማስታወቂያ ጎን ለጎን እያየ። ውል ሊፈርም ሲል ከሌሎች ሃያ ገጾች ጋር ቢሰጠው ልቡ ቀድሞ ወስኗል፣ እቃውንም አሽጓል። የአውሮፓ ህብረት ይሄን ገብቶት 2010 ላይ ባሻሻለው መመሪያ የኢነርጂ ደረጃው ማስታወቂያው ላይ እንዲወጣ አስገደደ፣ ሰው የሚበዛባቸው ከ250 ካሬ ሜትር በላይ የመንግስት ህንፃዎች ደግሞ ሰርተፊኬታቸውን በሚታይ ቦታ መለጠፍ አለባቸው። አውስትራሊያ ውስጥ 1,000 ካሬ ሜትርና ከዛ በላይ የሆነ ቢሮ ሲሸጥ ወይ ሲከራይ የኮከቡ ቁጥር ማስታወቂያው ላይ መኖር አለበት። ኒውዮርክ ከ2020 ጀምሮ ትልልቅ ህንፃዎች ፊደላቸውን መግቢያ በር አጠገብ ይለጥፋሉ፣ 85ና ከዛ በላይ «ኤ»፣ ከ55 በታች «ዲ»፣ እና ዳታውን ሳያስገባ ለቀረ «ኤፍ»። ይሄ የመጨረሻው በጣም ደስ ይለኛል፣ ዝም ማለት ከመጥፎ ውጤት የባሰ ሆኖ ይታያል፣ መሆንም ያለበት እንደዛ ነው።

የማስታወቂያ ጸሃፊዎች ላይ ሌላ ነገር አያለሁ፣ «ኢነርጂ ቆጣቢ ቤት» ይሉና ፊደል የለም፣ ወይ ፊደል አለ ቁጥር የለም፣ ወይ «በሂደት ላይ» ይላል ለወራት። ወይ ደግሞ ከእድሳት በኋላ «ሊደርስበት የሚችለው» ተብሎ ሰርተፊኬቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል አሁን እንዳለ አድርገው ያወጡታል፣ እሱ በግልጽ ማታለል ነው። ሰርተፊኬቱ ላይ ሁለት ፊደል ካያችሁ የአሁኑንና የወደፊቱን ለዩ።

የማሻሻያ ሃሳቦች ያሉበትን ገጽ መዝለልም እዚሁ ይግባ። ባለቤቱ የመጀመሪያውን ገጽ ስካን አድርጎ ይልካል፣ ተከራዩ ሁለተኛውን አያይም፣ ጣሪያው ላይ ምንም ኢንሱሌሽን እንደሌለ የተጻፈው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። ሙሉውን ፋይል ጠይቁ፣ ሙሉውን ላኩ።

ማስታወቂያ የምትጽፉ ከሆነ አንድ መስመር ይበቃችኋል፦ «ደረጃ ሲ፣ በስሌት የወጣ፣ 165 ኪሎዋት ሰአት በካሬ ሜትር በአመት ከምንጩ ሲቆጠር፣ የተሰራው ማርች 2023፣ ማሞቂያው ጋዝ፣ ሙሉ ሪፖርቱ ሲጠየቅ ይላካል።» የተለካ ከሆነ ደግሞ «በስሌት» የሚለውን አውጥታችሁ የትኞቹ 12 ወራት እንደሆኑና የተከራዮቹ ቆጣሪ ገብቶ እንደሆነ ጻፉ።